ቀለሜ ያልጻፈችው ደብዳቤ

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ስድስት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ የምታገኘውን ሰው፣ ጫማው የማተሚያ ቤቱን ደረጃ ሲረግጥ ገና ልቧ ድው ድው የሚልለትን ሰው፣ ሴት ልጅ እንዴት አድርጋ «እርስዎ» ትለዋለች? አራሚዋ ግን ትለው ነበር። እሱ «ኧረ በፈጣሪ፣ አንተ በይኝ» ብሎ ስንት ጊዜ ለመናት። እሷ «እሺ እርስዎ» ትልና ታስቀዋለች። ሳቁ ካለፈ በኋላ ሁለቱም ወረቀታቸው ላይ ያቀረቅራሉ።

አራሚዋ የምንላት በዚያ አሮጌ ማተሚያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ጠባብ ጠረጴዛ፣ ጫማዋን አውልቃ ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ስትለቅም የምትውል ሴት ናት። አውራ ጣቷ ከቀይ ቀለም ጠርቶ አያውቅም። የራሷንም ሁለት ቀጫጭን ልቦለዶች አሳትማለች። ከዘመድ ከወዳጅ እጅ ብዙም አልዘለሉም፤ «ምንም ባይሆኑ ስህተት የለባቸውም» እያለች ራሷ ትቀልድባቸዋለች።

ሰውዬው ደግሞ ቀያሽ ነው። መንገድ ከመሠራቱ በፊት ቀድሞ በረሃ ወርዶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ መሬት የሚለካ መሐንዲስ። የሟች ጓደኛዋ ታላቅ ወንድም ነው።

ጓደኛዋን ሰው ሁሉ «ቀለሜ» ነበር የሚላት። ስሙ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የወጣላት ነው፤ መጽሐፍ ታቅፋ ተኝታ መጽሐፍ ታቅፋ ነበር የምትነሳው። የሀብታም ልጅ ሆና ከደሃዋ ልጅ ከአራሚዋ ጋር አንድ ዴስክ ተጋራች፤ ያን ቀን የተጀመረ ወዳጅነት ሃያ ስድስት ዓመት ቆየ። አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላዋ ታነባለች፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ቀለሜ ሳንባዋ ታሞ አልጋ ላይ በቀረች ጊዜ የአራሚዋን እጅ ይዛ፣ «ልቦለዴን አውጪልኝ። የተንዛዛውን ቁረጪ፣ እንዳትራሪልኝ። ካንቺ ግን አንዲት ቃል እንዳትጨምሪበት። ከጨመርሽ መጥቼ በተኛሽበት እግርሽን ነው የምጎትተው!» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ቀለሜ የሞተችው በሳምንቱ ነው።

ልቦለዱ ከዳር እስከ ዳር በደብዳቤ የተጻፈ ነው። አንድ ሰው ለሚወዳት ሴት ይጽፋል፤ ከላይ ስም የለ፣ ከታች ፊርማ የለ። ሃያ ሰባት ደብዳቤ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሃያ ስምንተኛው፣ ሰውዬው ልቡን አውጥቶ «ትመጫለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት የመጨረሻው ደብዳቤ ግን የለም። ቀለሜ እዚያ ሳትደርስ ሞት ቀደማት።

አራሚዋ በመጀመሪያው ወር ሳጥኑን እዚያው ትልቁ ቤት፣ ቀለሜ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር የምታገላብጠው። አንድ ቀን ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ የቀለሜ እናት ለጎረቤታቸው ሲናገሩ ሰማች። «እንግዲህ የልጄን ወረቀት ተንጠላጥላ ቤቴ ልትገባ ይሆናላ! ወንዱ ልጄም ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቅል ብሏል።» አራሚዋ ክው አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሯ እዚያ ቤት አልደረሰም። ቀያሹ ምንም ሳይጠይቅ፣ እህቱ ከሞተች ጀምሮ እናቱን ላለመተው የመስክ ሥራውን ትቶ ስለነበር፣ በየሐሙሱ አንድ ጥቅል እያመጣ፣ የታረመውን በቤተሰቡ ስም አንብቦ እየፈረመ ይመለስ ጀመር። እሷም ያን ጊዜ ነው «እርስዎ»ን አጥር አድርጋ በመካከላቸው ያቆመችው።

አጥር ደግሞ ዓይን አይከለክልም። አንድ ቀን ቀያሹ የታረመ ገጽ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ይሄ ከተሰረዘው ሥር የተደረደረው ነጠብጣብ ምንድን ነው?» አላት።

«እሱማ የአራሚ ንስሐ ነው» አለች። «የሰረዝኩትን መሰረዝ አልነበረብኝም፣ ተሳስቻለሁ፣ እንዳለ ይቆይ ማለት ነው።»

«አንቺም ትሳሳቻለሽ?»

«በዓመት አንዴ።»

ጣታቸው እዚያች ነጠብጣብ ላይ ተገናኘ። ማንም ቶሎ አላነሳም።

*

የመጨረሻውን ጥቅል ያመጣ ዕለት ቀያሹ አልተቀመጠም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ዛሬ እቸኩላለሁ» ብሎ እየተደናቀፈ ወረደ። በሳምንቱ ሐሙስ ግን ተላጭቶ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ፈተና ውጤት ሊሰማ እንደመጣ ተማሪ በሩ ላይ ቆመ።

አራሚዋ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ፊቷ ግን ይስቃል። «ይግቡ፣ ይግቡ! ጨርሳዋለች!» አለችው።

«ማን?»

«ቀለሜ ናታ! ከጥቅሉ ሥር አራት ገጽ አገኘሁ። ሃያ ስምንተኛው ደብዳቤ! እኔ ሞኟ ሳትጨርሰው ሞተች ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩ፤ እሷ ለካ ጨርሳ ደብቃልኛለች!»

«የእሷ… ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?»

«የማን ሊሆን ኖሯል? ወረቀቱ የእሷ፣ የጽሕፈት መኪናው የእሷ። ደግሞ እኔንም ሰርቃ አስገብታኛለች! ጫማዬን ማውለቄን፣ ይቺን አውራ ጣቴን። ሌባ!» አለችና እንባዋ እንደገና ዱብ ዱብ አለ። «ይኸው ሰባት ወር ሙሉ ዛሬ ገና ደረቴ ቀለለኝ።»

ቀያሹ ያን እንባ አየና ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ገጾቹን ተቀበላት። በቀይ ተዥጎርጉረዋል። አንዱ ጥግ ላይ «እዚህ ይንዛዛል» ይላል። ሌላው ጋ «ሰውዬው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ ፊት ለፊት ይናገር» ይላል። አራተኛው ገጽ ላይ «የምተክለው ድንኳን ሁሉ ላንቺ በር አለው፤ ነይ ብልሽ ትመጫለሽ?» የሚለው መስመር ከዳር እስከ ዳር ተሰርዞ፣ ከጎኑ «አይታመንም። እንዲህ ያለች ሴት እሺ አትልም። ይውጣ» ተብሎ ተጽፏል።

«ለምንድን ነው እሺ የማትለው?» አለ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

አራሚዋ ስለ ልቦለዷ ሴት የሚያወሩ መስሏታል። ከአፏ የወጣው ግን የራሷ ቁስል ነው። «ሰው ምን ይላታል? ተንጠላጥላ ትልቅ ቤት ገባች ነው የሚላት። ኩሩ ናት። ብትወደውም እሺ አትለውም።»

«ብትወደውም?»

«ብትወደውም።»

ቀያሹ እስክሪብቶውን አወጣ። መሬት በሚሊሜትር የሚለካ እጅ ያን ቀን ፊርማውን ሁለት ጊዜ አበላሸ። «እንግዲያው የቀለሜ ይሁን» አለና ወረቀቱን መለሰላት። እሷ በደስታዋ ሰክራለች፤ ፊቱን አላየችም። ደረጃውን ሲወርድ የጫማው ድምፅ እንደ ወትሮው እንዳልሆነ ግን ጆሮዋ ነገራት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው፤ እሷ ግን መጣሏንም አላወቀች።

በሚቀጥለው ሐሙስ እሱ ቀረና የቤቱ ሾፌር የቀረውን የተፈረመ ወረቀት በፖስታ ይዞ መጣ። ጋሼ ሩቅ ቦታ፣ የሁለት ዓመት ሥራ ይዘዋል አላት። በሚመጣው ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይነሳሉ። አራሚዋ «መልካም መንገድ በላቸው» አለች። ሾፌሩ ከሄደ በኋላ አንድ ገጽ ስድስት ጊዜ አንብባ ስድስቱንም ጊዜ አንድም ነገር አልገባትም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቀለሜ እናት ማተሚያ ቤት ገቡ።

እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ሐር የመሰለ ነጠላ ጫማቸው የቀለም ፍንጣሪ ላይ ረግጦ፣ ከማተሚያ ቤቱ የተላከላቸውን የሙከራ ሕትመት በክንዳቸው አቅፈው፣ እያለከለኩ ሁለተኛ ፎቅ ወጡ። አራሚዋ ጫማዋን በእግሯ ስትፈልግ አጥታው በባዶ እግሯ ብድግ አለች።

«አንቺ ልጅ!» አሉ እናትየው፤ የመጨረሻዎቹን ገጾች ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው። «ይህን የጻፈችው ልጄ አይደለችም። አንቺ ነሽ የጨመርሽው!»

«እኔ? እትዬ፣ እኔ?» «አንዲት ቃል እንዳልጨምር ቃል አስገብታኛለች። ከፈለጉ ያስምሉኝ፤ አንዲት ነጥብ እንኳን…»

«እንግዲያው ይህ ምንድን ነው?» በጣታቸው አንድ መስመር መቱ። «በሕይወት እያለች የጻፈችውን አንድ ገጽ አላነበብኩላትም። እሱ ይቆጨኛል። አሁን ሦስት ቀን በማጉያ መነጽር ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ይኸው፣ አንብቢው!»

አራሚዋ አነበበች። ሰባት ጊዜ ያረመችውን መስመር ነው። «መስኮቱ በካርቶን በተደፈነው ክፍል ውስጥ ሳጥኑን ስትከፍቺ፣ ጫማሽን አውልቀሽ…»

«መስኮቱን የሰበረው በረዶ ነው» አሉ እናትየው። ድምፃቸው አሁን ወረደ። «በረዶው የወረደው ልጄን በቀበርኩ በሁለተኛው ሳምንት። ቀለሜ ያን መስኮት ተሰብሮ አላየችውም።»

አራሚዋ ካርቶኑን ታውቀዋለች፤ ሥሩ ተቀምጣለች። ሰባት ጊዜ አልፋዋለች፤ የሰው ስህተት ለቃሚዋ! ልቧ መጽሐፉ እንዲያልቅ ከመጓጓቱ የተነሳ ዓይኗን ሸፍኖት ነው።

«ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል የገባ ማን ነው?» አሉ እናትየው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። «እኔ አልገባ። አንቺ ቀረሽ። የጽሕፈት መኪናው ግን ማታ ማታ ሲንኳኳ እሰማ ነበር። ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤት ነው ይለኛል…» ከወረቀት ቁልሉ ላይ ቁጭ አሉ። «አይ ልጄ! ከልጅነቱ እንዲህ ነው። ወተት ሲያምረው እንኳ አፉን አውጥቶ አይጠይቅም። ጓዳው በር ላይ ዝም ብሎ መቆም ነው፤ አንዱ እስኪገባው።» ቀና ብለው አዩዋት። «ላንቺ ነው የጻፈው። አንቺስ ምን አልሽው?»

«እኔማ፣ እትዬ…» አለች። «እኔማ አረምኩት።»

መሳቢያዋን ከፍታ አራቱን ገጽ አወጣች። እናትየው ማጉያቸውን አንስተው የተሰረዘውን፣ ከጎኑ የተጻፈውንም ዘለቁት። «አይታመንም። እንዲህ ያለች ሴት እሺ አትልም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ማጉያው ቆመ።

«በር ላይ የተናገርኩትን ሰምተሻል» አሉ።

አራሚዋ ቀይ እስክሪብቶዋን ከጠረጴዛው አንስታ ከደነች።

«መስማትሽን አውቄ ነበር። ስትወጪ ኮቴሽ ቆሞ፣ ከዚያ ፈጠነ።» ነጠላቸውን ለመጎተት ያህል ጎተቱ። «እኔ ልጄን በሕይወቷ አላወቅኋትም። አሁን ሳነባት ሳነባት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው የሆነችው በአንቺ ነው። ቤቴ ብትገቢ ተንጠላጥለሽ አይደለም። ቀድሞም የራስሽ ነበር።» ከዚያ የእናት ቁጣቸው ተመለሰ። «አሁን ምን ያስቀምጥሻል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልታሰኚኝ ነው? መኪናው ታች ቆሟል፣ ተነሺ!»

አራሚዋ ግን መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ማሽኑ ነው። ማሽኒስቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የመጨረሻውን ክፍል ሊያስነሳ ነበር።

«አቁሙ! የመጨረሻው ደብዳቤ ይውጣ።»

«እንዴ! እትዬ አራሚ፣ ዛሬ ምን ነካሽ? ከመጽሐፉ ሁሉ ያማረው እሱ ነው። እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ሳነበው አልቅሻለሁ። እሱ ከወጣ መጽሐፉ መጨረሻ የለውም!»

እውነቱን ነው። አንዲት ቃል ባትናገር፣ ቀለሜ በሰው ልብ ውስጥ የምትቀረው በዚያ ደብዳቤ ነበር። ግን የቀለሜ አይደለም። በሰው ድምፅ ከምትወደስ በራሷ ድምፅ ብትጎድል ይሻላታል።

«ቀለሜ ሳትጨርሰው ነው የሄደችው» አለች። «ሃያ ሰባተኛው ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ነጩን ገጽ እንዳለ ይተዉልኝ።»

«ባዶ ገጽ?»

«ባዶውም የእሷ ነው።»

ማሽኒስቱ ትንሽ አያት። ከዚያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና ማሽኑን አጠፋ።

*

መኪናው ውስጥ አራሚዋ አራቱን ገጽ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። መንገዱ ያነጥራታል፤ እጇ ግን አልቆመም። እናትየው ምን እንደምታደርግ አልጠየቋትም። ሾፌሩን ብቻ «ንዳው እንጂ ልጄ፣ ቀንድ አውጣ ነው የያዝከው?» ይሉታል።

የመንገድ ሥራው ግቢ ሲደርሱ ለአራት አምስት ጉዳይ ነው። ሦስት የጭነት መኪኖች ሞተራቸው ተነስቷል። ድንኳኖች፣ የውኃ በርሜሎች፣ ቀይና ነጭ የመለኪያ እንጨቶች ተጭነዋል። ቀያሹ ከፊተኛው መኪና ጎን ቆሞ የመሣሪያውን ሦስት እግር በገመድ ያስራል። በሥሩ ሃያ ሰው ያዛል፤ ያ ሁሉ ሰው «ጋሼ» ነው የሚለው።

«አንተ!»

ግቢው ሁሉ ዞረ። ቀያሹም ገመዱ ከእጁ እየሾለከ ዞረ። አራሚዋ አንድ እግሯ ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ ባዶ፣ ወረቀት እያውለበለበች ትሮጣለች።

«አንተ አልሽኝ?» አለ፣ አጠገቡ ስትደርስ።

«አዎ! አንተ! ምን ዓይነት ሰው ነህ? የራስህን ልብ ለእህትህ ፈርመህ ትሰጣለህ?»

ሁሉንም በአንድ አፍታ ከፊቷ አነበበው። ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። «ስታለቅሺ አየሁሽ» አለ። «ጨርሳዋለች ብለሽ ስትስቂ አየሁሽ። ያን ደስታ ከእጅሽ መንጠቅ አልሆነልኝም። ደግሞም መልስሽን አገኘሁ። አይታመንም አልሽ።»

«አዎ፣ ብያለሁ። የማይታመነው ግን ሰውዬው አልነበረም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እንዲህ ተብሎ ለእኔ ይጻፍልኛል ብዬ ያላመንኩት እኔ ነኝ። ገባህ? እኔ ነኝ!»

ወረቀቶቹን ሰጠችው። የመጀመሪያውን ገለጠ። ከቀይ ሰረዞቹ ሥር ሁሉ፣ መኪናው እያነጠራት የተተከሉ ጠማማ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ከድንኳኑ፣ ከበሩ፣ ከ«ትመጫለሽ?» ሥር ነጠብጣቡ ከመብዛቱ ቀለም የተደፋበት ይመስላል።

«በዓመት አንዴ ነው የምሳሳተው ብለሽኝ ነበር» አለ።

«የሃምሳ ዓመቴን በአንድ ቀን ጨረስኩት።»

ሳቀ። በሰባት ወር ያልሰማችው ዓይነት ሳቅ ነው፤ ከሆዱ የመጣ። ከኋላ እናትየው በመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ በአፍህ ጠይቅ እንጂ! ወተት አይደለም!» ብለው ጮኹ። ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ያዩ መሰሉ።

ቀያሹ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነይ ብልሽ… ትመጫለሽ?»

«መጽሐፏ ተጠርዛ ትውጣ። የመጀመሪያዋን ቅጂ ይዤልህ እመጣለሁ። የት እንዳለህ ብቻ ለክተህ ጻፍልኝ።»

«እጽፍልሻለሁ። ታርሚዋለሽ ግን።»

«ከዳር እስከ ዳር!»

ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ። ቀያሹ ወረቀቶቹን አጥፎ ደረት ኪሱ ሊከት ሲል ዓይኑ አንድ መስመር ላይ ቀረ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ «እኔ ግን ላንቺ አልመጥንም፤ ካንዱ የተሻለ ጋር ብትኖሪ አልቀየምም» ብሎ የጻፋት መስመር ናት። ቀይ ሰረዟ እንዳለ ነው። ከሥሯ አንዲትም ነጠብጣብ የለችም።

«ይቺን ረስተሻታል» አላት።

አራሚዋ ቀይዋን አውራ ጣቷን መስመሯ ላይ ጫነች።

«አልረሳኋትም» አለችው። «እሷ ትውጣ።»